ደጀን ላይ ባሕር ነበረ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ሰው የአባይን ቁልቁለት አይረሳውም። ደጀንን እንዳለፋችሁ ጆሮ ይደፈናል፣ ጋቢ ይወልቃል፣ «መስኮት ክፈቱ»፣ «ዝጉት፣ ነፋስ ይመታናል» የሚል ክርክር ይነሳል። ከኋላ ወንበር ፌስታል የሚለምንም አይጠፋም።

ሙቀቱ የሚገርም አይደለም። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,200 ሜትር በላይ እንወርዳለን። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የሚገርመው ሌላ ነው፤ ከሙቀቱ ጋር በዘመንም ወደ ኋላ እየወረድን ነው።

እስቲ ከላይ እንጀምር። ደጀን የተቀመጠችበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቃ ያፈሰሰችው እሳተ ገሞራ ነው። ሉሲ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን አስታውሱ። «የሰው ዘር እናት» የምንላት ድንቅነሽ ለዚህ ድንጋይ የልጅ ልጅ እንኳ አትሆነውም።

ወረድ ስንል ጥቁሩ ያልቅና እንደየቦታው አሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ይመጣሉ። ወደ አባይ በሚገባው የሙገር ወንዝ ሸለቆ፣ በእንዲህ ዓይነቱ የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። አዎ፣ በፊልም የምናውቀው ዳይኖሰር!

ከዚያ በታች ደግሞ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ በግድግዳ መልክ ተደርድሮ ይታያል። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ጠጋ ብሎ ላየው የዛጎልና የሌሎች የባሕር ፍጥረታት ቅሪት አለበት። ዛጎል ጎጃም ምን ይሠራል? መልሱ አጭር ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ አገር ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር። ዛጎሎቹ ሲሞቱ ከባሕሩ ወለል ላይ ተከማቹ፣ ተጫኑ፣ ድንጋይ ሆኑ።

አሁንም እንውረድ። ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጂፕሰም አለ፤ ሠራተኛው ጄሶ የሚለው ማለት ነው። ጂፕሰም የሚፈጠረው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን ነው። ባሕሩ ጠልቆ ከመምጣቱ በፊት እዚህ የሚተንና የሚደርቅ ጨዋማ ዳርቻ ነበረ ማለት ነው። ከሁሉም በታች፣ ወንዙ አጠገብ፣ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው አሸዋ ድንጋይ ይጠብቀናል። ደጀንና ጎሐ ጽዮንን የሚያገናኘው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ 200 ሚሊዮን ዓመት ወርደን መልሰን እንወጣለን፤ ያውም አብዛኞቻችን ተኝተን።

«ታዲያ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አንደኛ፣ ቤትህ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶና በእሳት ተቃጥሎ ነው፤ በመጨረሻም ቶሎ እንዳይደርቅ ጥቂት ጂፕሰም ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ የጀመረው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለው ጥሬ ዕቃው በደጁ ስላለ ነው። የአዲስ አበባ ፎቅ ከጥንት ባሕር ወለል ተቆፍሮ የወጣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጨረሱት ጠመኔም አብዛኛውን ጊዜ ከጂፕሰም የሚሠራ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። የአባይ በረሃ መንገድ ክረምት በመጣ ቁጥር ለምን ይሰነጠቃል፣ ለምንስ ይንሸራተታል? ብዙዎቻችን ጣታችንን ወደ ኮንትራክተሩ እንቀስራለን። ጥፋት ሊኖር ይችላል፤ ግን ባሕሩም ተጠያቂ ነው። ላይኛው ባዛልት ስንጥቅ ስላለው ዝናቡን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ውሃው ከሥር ያለውን የጭቃ ድንጋይ ሲያገኝ ያለሰልሰዋል። ያኔ በዳገቱ ላይ የተከማቸው ናዳና አፈር መንገዱን ተሸክሞ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጃፓኖች ለድልድዩ ገንዘብ ሰጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ካለቀ በኋላም ጉዳዩን አልተዉትም። ከ2010 ጀምሮ የጃይካ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው የሸለቆውን መንሸራተት አጥንተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ውሃውን ከዳገቱ ውስጥ ሳያስወጡ አስፋልት መደረብ፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደ መቀባት ነው።

ይህ መንገድ የጎጃምን ጤፍ ያወርዳል፣ ሕመምተኛን ሪፈር ይዞ አዲስ አበባ ያደርሳል፣ ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይወስዳል። አንድ ክረምት ቢቆረጥ የሚጎዳው ብዙ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ምን እንዳለ ማወቅ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

በሚቀጥለው ጉዞ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ ቁልቁለቱ ሲጀምርም አትተኙ። ድንጋዩ ከጥቁር ወደ ነጭ ሲለወጥ ካያችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ባሕር ውስጥ ገብታችኋል።