ያገለገለ ጎማ በብረት ማቅለጫ ምድጃ፦ ለማዕድን ዘርፉ የሚውል አረብ ብረትና የአውስትራሊያ ተሞክሮ

ያገለገሉ የተሽከርካሪ ጎማዎችንና የፕላስቲክ ውዳቂዎችን በአረብ ብረት ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ የኮክን ድርሻ በከፊል እንዲተኩ የሚያደርገው አሠራር ፖሊመር ኢንጀክሽን ቴክኖሎጂ በመባል ይታወቃል። ቴክኖሎጂው የተገኘው በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዋንስቲል ከተባለው የብረት አምራች ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ባካሄዱት የጋራ ምርምር ሲሆን፣ በኩባንያው የሲድኒና የሜልቦርን ፋብሪካዎች በመደበኛ ምርት ላይ ውሏል። ፋብሪካዎቹ ዛሬ ኢንፍራቢልድ በተባለው ኩባንያ ሥር ይገኛሉ።

የምርምሩ መሪ በሕንድ ተወልደው በአውስትራሊያ የሚኖሩት የብረታ ብረት ሳይንስ ምሁር ፕሮፌሰር ቪና ሳሃጅዋላ ናቸው። ፕሮፌሰሯ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኒቨርሲቲው የዘላቂ ቁሶች ምርምርና ቴክኖሎጂ ማዕከልን አቋቁመዋል። ዩኒቨርሲቲው እንደሚገልጸው በቴክኖሎጂው አማካይነት ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎማዎች ወደ ቆሻሻ መጣያ ከመሄድ ድነዋል።

የብረት ምርትና የአካባቢ ጫና

የዓለም ዓመታዊ የአረብ ብረት ምርት ከ1 ነጥብ 8 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ዘርፉ የሰው ልጅ ወደ ከባቢ አየር ከሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ከምርቱ አብዛኛው የሚገኘው የብረት ማዕድንን ከድንጋይ ከሰል ከተዘጋጀ ኮክ ጋር ብላስት ፈርነስ በተባለው ምድጃ በማቅለጥ መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ቶን አረብ ብረት ሲመረት ወደ ከባቢ አየር የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2 ቶን በላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው መንገድ ውዳቂ ብረትን በኤሌክትሪክ ቅስት ምድጃ መልሶ ማቅለጥ ነው። የዓለም የአረብ ብረት ማኅበር ስሌት እንደሚያመለክተው አንድ ቶን ውዳቂ ብረት መልሶ ጥቅም ላይ ሲውል 1 ነጥብ 4 ቶን የብረት ማዕድን፣ 740 ኪሎ ግራም የድንጋይ ከሰልና 120 ኪሎ ግራም የኖራ ድንጋይ ይተርፋል፤ 1 ነጥብ 5 ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀትም ይወገዳል። ይሁንና ይህም መንገድ ቢሆን ከከሰል ጥገኝነት ሙሉ በሙሉ የተላቀቀ አይደለም። ፖሊመር ኢንጀክሽን የተነሣው ይህንን ቀሪ ጥገኝነት ለመቀነስ ነው።

ጎማው በምድጃው ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በኤሌክትሪክ ቅስት ምድጃ ውስጥ በግራፋይት ኤሌክትሮዶችና በውዳቂው ብረት መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ቅስት ብረቱን እስከ 1 ሺህ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በማሞቅ ያቀልጠዋል። በቀለጠው ብረት ላይ ስላግ የተባለው ዝቃጭ ይንሳፈፋል። ሠራተኞች ደቃቅ ኮክንና ኦክስጅንን ወደዚህ ዝቃጭ ሲነፉ ካርቦኑ በዝቃጩ ውስጥ ካለው የብረት ኦክሳይድ ጋር ይዋሃዳል። በዚህም ብረቱ ወደ ቅላጩ ይመለሳል፤ የሚፈጠረው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ደግሞ ዝቃጩን አረፋ አድርጎ ያስነሣዋል።

ይህ አረፋ ለምድጃው እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል። ቅስቱን ስለሚሸፍን ሙቀቱ ወደ ግድግዳውና ወደ ጣሪያው ከመባከን ይልቅ ወደ ብረቱ ይገባል። አረፋው ከሳሳ ኤሌክትሪክ ይባክናል፤ የምድጃው የውስጥ ጡብም ቶሎ ይበላል። በመሆኑም የአረፋው መጠንና ቆይታ የፋብሪካውን የኃይል ወጪ በቀጥታ ይወስናል።

የተፈጨ ጎማ ከኮክ ጋር ተደባልቆ ሲነፋ ከካርቦን በተጨማሪ ሃይድሮጅን ይለቃል። ሃይድሮጅኑ የብረት ኦክሳይዱን በፍጥነት ወደ ብረት ይለውጣል፤ የጋዝ አረፋዎቹንም ያበዛል። ስለዚህ ጎማው ወደ ምድጃው የሚገባው ለማስወገድ ብቻ አይደለም፤ ምድጃው የሚፈልገውን ሥራ እንዲሠራ ነው። ቴክኖሎጂው ከተራ ማቃጠል የሚለየውም በዚህ ነው። በማቃጠል የሚገኘው ሙቀት ብቻ ሲሆን፣ በዚህ አሠራር ግን ቆሻሻው ለኬሚካዊ ሂደቱ ግብዓት ይሆናል።

ከማዕድን ማውጫው ወደ ምድጃው

የማዕድን ኢንዱስትሪው ከአረብ ብረት ጋር ያለው ግንኙነት በብረት ማዕድን አቅራቢነት ብቻ የሚወሰን አይደለም። መዳብና ወርቅ የያዘ ድንጋይ ከተሰባበረ በኋላ ግዙፍ በሆኑ የሚሽከረከሩ ወፍጮዎች ውስጥ ይደቅቃል። የማድቀቁን ሥራ የሚሠሩት በወፍጮው ውስጥ እየተንከባለሉ ድንጋዩን የሚመቱ የአረብ ብረት ኳሶች ናቸው። ኳሶቹ እንደ ወፍጮው ዓይነት ከ25 እስከ 125 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ይኖራቸዋል።

እነዚህ ኳሶች ከሌሎች የብረት ምርቶች የሚለዩበት አንድ ባሕርይ አለ። የሕንፃ ብረት ሕንፃው ሲፈርስ፣ የተሽከርካሪ አካልም መኪናው ሲያረጅ ተሰብስቦ ይቀልጣል። የመፍጫ ኳስ ግን በሥራ ላይ ሳለ ቀስ በቀስ እየተበላ በደቀቀው ድንጋይ ውስጥ ይበተናል፤ በመጨረሻም ከማዕድን ዝቃጩ ጋር ይወገዳል። ለኳስ ምርት የዋለ ብረት አብዛኛው ዳግም ወደ ምድጃ አይመለስም። በዚህ ምርት ረገድ ዘላቂነት ማለት ብረቱን ከውዳቂ በዝቅተኛ ልቀት ማምረትና የኳሱን ጥንካሬ በማሻሻል የአገልግሎት ዘመኑን ማራዘም ነው።

በሌላ በኩል ማዕድን ማውጫዎች ራሳቸው ከፍተኛ የጎማ ቆሻሻ ያመነጫሉ። የግዙፍ ገልባጭ መኪናዎች ጎማ እስከ 4 ሜትር ቁመትና ከ5 ቶን በላይ ክብደት ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ጎማ ከሩቅ ማውጫ ወደ ማቀነባበሪያ ማጓጓዝ ውድ በመሆኑ፣ በአውስትራሊያ አብዛኛው በዚያው በማውጫው ክልል ሲቀበር ቆይቷል። የማዕድን ማጓጓዣ የላስቲክ ቀበቶዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው።

ሞሊኮፕ የተባለው የመፍጫ ኳስ አምራች ኩባንያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ኒውካስል ከተማ፣ ዋራታ በሚገኘው ፋብሪካው ከዩኒቨርሲቲው ማዕከል ጋር የሠራው ሥራ እነዚህን ሁለት ጫፎች ለማገናኘት ያለመ ነበር። ሐሳቡ ከማዕድን ዘርፉ የሚወጣው ላስቲክ ለዘርፉ የሚያስፈልገውን ብረት በማምረት ሂደት ኮክን በከፊል እንዲተካ ማድረግ ነው።

ሌሎች ተረፈ ምርቶች

ከኤሌክትሪክ ቅስት ምድጃ የሚወጣው ዝቃጭ ከቀዘቀዘና ከተፈጨ በኋላ በብዙ አገሮች ለመንገድ ግንባታ ጠጠር ሆኖ ያገለግላል። ከጭስ ማጣሪያው የሚሰበሰበው አቧራ ዚንክና እርሳስ ስለሚይዝ በተለያዩ አገሮች በአደገኛ ቆሻሻነት የተመዘገበ ነው። ሆኖም በሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ እንደገና በማሞቅ ዚንኩን ለይቶ ማውጣት ይቻላል። በጎማ ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድም በምድጃው ሙቀት ተንኖ ከዚሁ አቧራ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ጎማ የሚጠቀም ፋብሪካ አስተማማኝ የጭስ ማጣሪያና የአቧራ አያያዝ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል።

የቴክኖሎጂው ገደቦች

አሠራሩ ችግሩን በሙሉ የሚፈታ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ጎማው የሚተካው የኮኩን የተወሰነ ክፍል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በጎማው ውስጥ ያለው ካርቦን በመጨረሻ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድነት ስለሚለወጥ ልቀቱ ዜሮ አይሆንም። ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚጠቀሙባቸው ጎማዎች ከዛፍ የሚገኝ የተፈጥሮ ላስቲክ በብዛት ስለሚይዙ ግን የካርቦኑ አንድ ክፍል ከከርሰ ምድር የወጣ አይደለም። ዋናው ጥቅም የሚገኘው ከኮክ ፍጆታና ከኤሌክትሪክ ቁጠባ፣ እንዲሁም ከሚቀበረው የጎማ መጠን መቀነስ ነው።

ሦስተኛው ገደብ ድኝ ነው። ላስቲክ የሚጠነክረው በድኝ በመሆኑ ጎማ የድኝ ምንጭ ነው፤ ድኝ ደግሞ አረብ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ቅስት ምድጃ ድኝን በማስወገድ ረገድ ደካማ ስለሆነ የሚገባው የጎማ መጠን በጥንቃቄ ይለካል፤ የቀረውም በቀጣዩ የማጣሪያ ደረጃ ይወገዳል። በተጨማሪም ጎማው ሽቦው ተለይቶ ወጥ በሆነ መጠን መፈጨት ይኖርበታል። ይህ ወጪ ከኮክ ዋጋ ከበለጠ ፋብሪካው ወደ ቀድሞው አሠራር መመለሱ አይቀርም።

የመንግሥት ፖሊሲ ድርሻ

ከዚህ የተነሣ የቴክኖሎጂው ዕጣ በምድጃው ብቃት ብቻ አይወሰንም። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የጎማ ኃላፊነት ሥርዓት አስመጪዎች በእያንዳንዱ ጎማ አነስተኛ መዋጮ እንዲከፍሉና ገንዘቡ ለመልሶ መጠቀም ገበያ ማስፋፊያ እንዲውል አድርጓል። መዋጮው በበጎ ፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን የቆሻሻ ቅነሳ ሕግ ተከትሎም ያልተፈጨ ሙሉ ጎማ ለቆሻሻነት ወደ ውጭ እንዳይላክ የሚከለክለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። እነዚህ እርምጃዎች ለፋብሪካዎች የማይቋረጥ የግብዓት አቅርቦት ለመፍጠር ይረዳሉ።

አቅርቦት መኖሩ ግን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የዋራታው ፋብሪካ ሁኔታ ያሳያል። ሞሊኮፕ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በፋብሪካው ብረት ማቅለጡን እንደሚያቆም ያስታወቀ ሲሆን፣ በምክንያትነት የጠቀሰውም በዝቅተኛ ዋጋ ከውጭ የሚገቡ ምርቶችን ውድድር ነው። ምድጃው ከቆመ ላስቲኩን የሚቀበል ሥፍራ አይኖርም። የንጹሕ ምርት ቴክኖሎጂ፣ የንግድ ፖሊሲና የቆሻሻ አያያዝ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚመሩ ቢሆንም ውጤታቸው የተሳሰረ መሆኑን ይህ ማሳያ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው አግባብነት

በኢትዮጵያ ውዳቂ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ኢንዳክሽን ምድጃ ነው። በዚህ ምድጃ ብረቱ የሚሞቀው በማግኔታዊ መስክ ኃይል በመሆኑ አረፋ የሚሸፍነው የኤሌክትሪክ ቅስት የለም። ስለሆነም ቴክኖሎጂው እንዳለ ተወስዶ ሊተገበር አይችልም፤ የምድጃው ዓይነት አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።

ያገለገለ ጎማ በአገሪቱ ዋጋ የሌለው ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ ጫማ ለብዙ ዓመታት የገጠሩና የከተማው ነዋሪ መጫሚያ ሆኖ አገልግሏል። አንድን ዕቃ እንዳለ ለሌላ አገልግሎት ማዋል ፈጭቶ ወይም አቅልጦ ከመጠቀም ያነሰ ኃይል ይጠይቃል። ወደ ምድጃ መግባት ያለበት ከዚህ የተረፈው ነው።

ከአውስትራሊያ ተሞክሮ ሊወሰድ የሚችለው ዋነኛ ትምህርት ከመሣሪያው ይልቅ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። በቅድሚያ ፋብሪካው የሚያስፈልገው ግብዓት ምን እንደሆነ ይለያል፤ ቀጥሎ ያንን ሥራ ሊሠራ የሚችል ቆሻሻ ይፈለጋል፤ ከዚያም የሚሰበሰብበትና በጥራት የሚዘጋጅበት ሥርዓት ይዘረጋል። ቆሻሻው የሚገባበትን ሥራ ሳይለዩ በመሰብሰብ ብቻ የተጀመረ መርሐ ግብር መጨረሻው ክምርን ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ ማዛወር ይሆናል።