የከተማ ግቢና አእዋፍ፦ ከጎንደር እስከ ፀዳ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኘው ፀዳ፣ እንደ አካባቢው ከተሞች ሁሉ በግንባታ እየሰፋች ነው። ከተማ በሰፋ ቁጥር የአጋም፣ የቀጋና የግራዋ አጥር በቆርቆሮና በብሎኬት ይተካል፤ አእዋፍም በዚያው መጠን መኖና መጠለያ ያጣሉ።

አእዋፍን ወደ ግቢ ለመመለስ ወሳኙ የሚተከለው ዕፅዋት ዓይነት ነው። የዋንዛ፣ የሾላና የወይራ ፍሬ ለወፎች ምግብ ሲሆን፣ ነጩ የዋንዛ አበባ ንቦችን ይስባል። ቀዩ የእሬት አበባ ደግሞ ቀጭን መንቁር ያላቸውንና የአበባ ወለላ የሚቀስሙትን ጥቃቅን ወፎች ይጋብዛል። ለጠባብ ግቢ ግራዋና ጥቂት የእሬት ችግኝ ይበቃሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚዘወተረው የተከረከመ ሣር ግን ለዓይን እንጂ ለወፍ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ለማነጻጸር በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተውን የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግቢ መመልከት ይቻላል፤ ነባሮቹ የጽድና የወይራ ዛፎች በከተማው ውስጥ የአእዋፍ ማረፊያ ናቸው።

በበጋ ወራት ጥልቀት በሌለው ሳህን ውኃ ማኖር ጠቃሚ ሲሆን፣ ንቦች እንዳይሰምጡ ጠጠር ይጨመርበታል። ተክሉ ባበበበት ወቅት ፀረ ተባይ መርጨት ንቦችን ይፈጃል። የምግብ ትራፊ በግቢ መጣልም አይገባም፤ በአካባቢው እንዲህ ያለው ልማድ ከወፍ ይልቅ ጅብን ይጠራል።

ችግኝ የሚተከለው ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ በተለይ በሐምሌ ወር ነው። ወይራ ዝግ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ ፈጥኖ ከሚያድገው ዋንዛ ጋር አብሮ መትከል ይመረጣል።