ጥማድ ጀልባ

ባለፈው ግንቦት እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ ከአንድ የጀልባ መሸጫ ደጃፍ በአማርኛ የታተመ ወረቀት ተሰጠኝ። በቋንቋዬ መታተሙ ደስ ብሎኝ ወደ ውስጥ ሳልዘልቅ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ርዕሱ «ለቤተሰብ የሚሆን የዓሣ እና የበረዶ ሸርተቴ ጀልባ» ይላል። አብረውኝ የነበሩት የጎረቤቴ አባት፣ ጋሼ የምላቸው፣ መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ልጄ፣ ይኼ በረዶው ላይ የሚነዱት ዓይነት ነው?» አሉኝ።

ጋሼ መጠየቃቸው ትክክል ነበር። እዚህ በመጡ በመጀመሪያው ጥር፣ ሰዎች በረጋው ሐይቅ ላይ መኪናቸውን ነድተው ገብተው፣ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው፣ በቀዳዳው ዓሣ ሲያወጡ በዓይናቸው አይተዋል። በረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ካለ፣ በረዶ ላይ የሚሄድ የዓሣ ጀልባስ ለምን አይኖርም? ወረቀቱ የሚያወራው ግን ስለ ሰኔና ሐምሌ፣ ስለ ሞቃት ውኃ ነበር። አንድ አማርኛ አንባቢ በአማርኛ የተጻፈለትን አንብቦ ነገሩን በተቃራኒው ከተረዳ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ይህን ዓይነት ጀልባ አሜሪካኖች «ፊሽ ኤንድ ስኪ» ይሉታል። የተረጎመው ሰውም ይሁን ማሽን «ስኪ» የሚለውን ፈልጎ «የበረዶ ሸርተቴ» የሚለውን አገኘ፤ ሳያመዛዝን አመጣው። ቃሉ በራሱ ጥሩ ቃል ነው። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወክል ስለ ስፖርቱ ስናወራ የተጠቀምንበት ቃል ይኸው ነው። ቦታው ግን በረዶ ነው። አሁን ይህ ስያሜ እየተዛመተ ነው። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በስልክ «የበረዶ ሸርተቴ ጀልባ ልንገዛ ነው» ሲለኝ ወረቀቱ ከእኔ አልፎ ስንት ቤት እንደገባ ገባኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ያን ዕለት ነው።

ጀልባው ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝመውም። ከ16 እስከ 20 ጫማ የሚረዝም፣ ሞተሩ ከኋላ የተንጠለጠለ ጀልባ ነው። ፊተኛው ጫፉ ላይ ቆሞ መንጠቆ ለመወርወር የሚያመች ጠፍጣፋ መድረክ አለው፤ የተያዘውን ዓሣ በሕይወት የሚያቆይ ገንዳ አለው፤ ድምፅ የሌላት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርም አፍንጫው ላይ ትገጠምለታለች። ከኋላው ደግሞ ገመድ የሚታሰርበት ምሰሶ ይተከልለታል። ጠዋት ዓሣ ያጠምዱበታል፤ ከሰዓት በኋላ በውኃው ላይ የሚንሸራተት ሰው ወይም ልጆች የተቀመጡበት የተነፋ ጎማ ይስቡበታል። ላንጋኖ ላይ በጀልባ የሚሳብ ሰው ያየ አንባቢ ግማሹን ነገር ያውቀዋል፤ ጣና ዳር ያደገ ደግሞ ሌላውን ግማሽ።

እንግዲህ ምን እንበለው?

መጀመሪያ የሚመጣው «ሁለገብ ጀልባ» ነው። ሁለገብ አዳራሽ አለን፤ ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለን። ቃሉ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ሁሉ ውስጥ የሚገባ ማለት ነውና ጀልባው የማይችለውን ቃል ይገባል። ለምሳሌ ገመዱን ለቅቆ ከጀልባው ጀርባ በሚነሣው ማዕበል ላይ መቆም የሚባል ጨዋታ አለ፤ ተጫዋቹ ለጀልባው በጣም ቀርቦ ነው የሚቆመው። ፕሮፔለሩ ከኋላ በተንጠለጠለ ሞተር ይህን መጫወት ሕይወት ያስከፍላል። «ሁለገብ» ብሎ የገዛ አባት ልጆቹ ይህንንም እንዲሞክሩ ቢፈቅድ ስሙ አሳስቶታል ማለት ነው። የዚህ ጀልባ ሥራ ሁለት ነው። ሁለት ብቻ።

«መንታ ጀልባ» ያለም አለ። መንታ ሲባል ግን እኔ የሚታየኝ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ጀልባዎች ነው፤ እንዲህ ያለ ጀልባ ደግሞ በእርግጥም ስላለ ስሙን ለባለቤቱ እንተውለት። «ጎታች ጀልባ» የሚለው ሌላ ቦታ ላይ ሥራ ይዟል፤ ወደብ ውስጥ ትልቅ መርከብ የሚጎትተው ነው። በዚያ ላይ ጎታች በአማርኛችን የሚያዘገይ፣ ወደ ኋላ የሚያስቀር ሰው መጠሪያ ሆኗል። «ተሳቢ» እንዳንል የከባድ መኪና ተሳቢ አለ፤ ጀልባው ራሱም መንገድ ላይ የሚሄደው ተሳቢ ላይ ተጭኖ ነው። «ባለሁለት ተግባር ጀልባ» ትርጉሙን በትክክል ይዟል፤ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸታል፤ ልጅ ወደ ሐይቅ እየሮጠ የሚጠራው ስም አይደለም።

የኔ ምርጫ «ጥማድ ጀልባ» ነው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ላስረዳ።

ገበሬ ማለዳ በሬዎቹን ወደ ማሳ ወስዶ ቀንበር ሲጭንባቸው ጠመደ እንላለን። ሁለቱ በሬ አንድ ላይ ጥማድ ይባላል። አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬትም ጥማድ ነው፤ 4 ጥማድ ገደማ አንድ ሄክታር ይሆናል። ልብ በሉ፤ ቃሉ ከእንስሳቱ ተነሥቶ ወደ ሥራቸው፣ ከሥራቸው ወደ መሬቱ ተሸጋግሯል። ግእዙ «ፀመደ» ነው፤ አጣመረ፣ አገናኘ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በዕብራይስጥ «ጼሜድ» ሲባል ይሰማሉ፤ ትርጉሙ ጥንድ ነው፤ በብሉይ ኪዳንም ጥማድ በሬ የሚያርሰው መሬት ልክ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ወንድማማች ቋንቋዎች ከአንድ ቀንበር የመሬት መለኪያ አውጥተዋል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ቃል እጃችን ላይ እያለ ነው «ፊሽ ኤንድ ስኪ» ብለን በፊደላችን የምንጽፈው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ይበልጣል። ከዚሁ ሥር ነው ዓሣ የምናጠምደው። ወጥመድ፣ ማጥመድ፣ አጥማጅ፤ ሁሉም የጠመደ ልጆች ናቸው። ሰው በሥራ ሲጠመድ፣ ሰው ሰውን ሲጠምድ እንኳ ከዚያው ነው የመጣው። እንግዲህ «ጥማድ ጀልባ» ስንል ሁለት ሥራ በአንድ ቀንበር መዋሉን እንናገራለን፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ ጆሯችን ዓሣ አጥማጁን ይሰማል። ይህን እኛ ፈልገን ያመጣነው ብልሃት አይደለም፤ ቋንቋው አስቀድሞ አዘጋጅቶት ቆይቷል። እንግሊዝኛው ዓሣና ሸርተቴን በ«እና» ከማያያዝ አላለፈም፤ የኛው ቃል ግን የማያያዙን ነገር ራሱን ስም አደረገው።

«በሬ ሁለት ነው፤ ጀልባው አንድ» ብለው የሞገቱኝ አሉ። መሬቱም አንድ ነው፤ ግን ጥማድ ይባላል። «እዚህ የተወለዱ ልጆች ቀንበር አያውቁም» የሚለው ሌላው ሙግት ነው። ስልክ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን ስልክ በኪሱ ይዞ የሚዞር ልጅ ይህን ሳያውቅ ቃሉን አጥርቶ ይጠቀምበታል። ቃል ሥራ ላይ ሲውል ይለመዳል፤ ልጁ አንድ ቀን ሲጠይቅ ደግሞ ስለ ቀንበሩ የምንነግረው ነገር ይኖረናል።

የጥማድ ምስል ለገዢውም ይጠቅማል። በሬዎቹ ካልተመጣጠኑ ቀንበሩ ይዘማል፤ ብርቱው ደካማውን ይጎትታል። እዚህም እንደዚያው ነው። ዋልአይ የሚባለውን ዓሣ ክር እየሳቡ ለማጥመድ ጀልባው በሰዓት ከ1 እስከ 3 ማይል ባለው ፍጥነት ማዝገም አለበት፤ አንድ አዋቂ ሰው በሁለት ሳንቃ ላይ ቆሞ እንዲንሸራተት ደግሞ ወደ 25 ማይል ይፈለጋል። ለአጥማጁ ዝቅ ያለ ጎን ይሻላል፤ ነፋስ አይገፋውም፤ ዓሣውንም ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ለልጆች ከፍ ያለ ጎንና ጥልቅ መቀመጫ ይሻላል። መድረኩ በሰፋ ቁጥር መቀመጫው ይጠብባል። የገመዱ ምሰሶ መንጠቆ በሚወረወርበት ጊዜ ክር ይጠላለፍበታል፤ ስለዚህ የሚነቀል ምሰሶ ያለውን ምረጡ። አሉሚኒየሙ ይቀላል፤ ለመጎተትም ለነዳጅም ይመቻል። ፋይበርግላሱ ይከብዳል፤ ማዕበል ላይ ግን ይረጋል።

ከሁሉ በፊት የምታዩት መሪው አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ይሁን። በአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ በታች የሆነ የሞተር ጀልባ ስንት ሰውና ስንት ክብደት እንደሚችል የሚገልጽ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል፤ ሞተሩ ከኋላ የሚንጠለጠል ከሆነም የሚፈቀደው የፈረስ ጉልበት እዚያው ይጻፋል። ጉልበቱ ካነሰ ሰው ከውኃ ተስቦ አይነሣም። በሰሌዳው ላይ ካለው በላይ ሞተር መስቀል ግን መፍትሔ አይደለም፤ አደጋ ነው። በሚኒሶታ ሰው ሲሳብ ከሾፌሩ ሌላ የሚመለከት ሰው፣ ወይም ሰፊ የኋላ መስታወት ያስፈልጋል። ለእኔ ሰው ይሻላል።

ጀልባ የሚገዙት ወዳጆቼ ሁለት ቤተሰብ ናቸው፤ የአንዱ አባወራ ዓሣ እንጂ ሌላ አይፈልግም፤ የሌላው ልጆች መሳብ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ገንዘባቸውን አዋጡ። አገር ቤት አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ሲያርሱ መቀናጆ ይባላል። እነሱ መቀናጆ ገቡ ማለት ነው፤ ጀልባቸው ደግሞ ጥማድ ሆነ። ይህን ስነግራቸው የአጥማጁ ሚስት «እንግዲያው ጠዋት ጠዋት የኛ በሬ ነው» አለች። ቃሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአፏ ገብቶ ሥራ ጀመረ።

የስፖርቱ ስም ይቀራል። ሸርተቴን አልጥልም፤ የልጅነት ቃል ነው፤ እግርንም ድምፅንም ያንሸራትታል። «መንሸራተት» ብቻውን ከሆነ ግን መውደቅ አለበት፤ ዋጋም ይንሸራተታል፣ ሰውም ይንሸራተታል። «የውኃ ሸርተቴ» ደግሞ በመዋኛ ሥፍራ ልጆች ከላይ ወደ ታች የሚወርዱበት ሆኗል። ስለዚህ «የጀልባ ሸርተቴ» እላለሁ፤ ሳቢው ማን እንደሆነ በስሙ ውስጥ አለ። በረዶውን ከዚህ ስፖርት ላይ ያወለቀው፣ የሚገርመው፣ የዚሁ የሚኒሶታ ልጅ ነው። ራልፍ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ በረዶ ላይ የሚቻለው ውኃ ላይ ለምን አይቻልም ብሎ፣ የጥድ ሳንቃዎች ጫፍ በፈላ ውኃ አለስልሶ ወደ ላይ አጎበጠና ወንድሙ በሚነዳው ጀልባ ፔፒን ሐይቅ ላይ ተሳበ። ብዙ ጊዜ ሰጥሟል፤ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የሳንቃዎቹን ጫፍ ከውኃ በላይ ሲይዝ ግን ቆመ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በአማርኛ ያን በረዶ መልሰን ልንጭንበት አይገባም።

የባዕድ ቃል ጠላት አይደለሁም። ጀልባ ራሱ የቀይ ባሕር ቃል ነው፤ ኢብን ጁበይር በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ባሕር ሲሻገር ያለ ሚስማር በገመድ የተሰፉትን ጀልባዎች በዚሁ ስም ነው የጻፋቸው። መርከብም፣ መኪናም፣ ሞተርም ተውሰናቸው የኛ ሆነዋል። ግእዝ ሐመር አለው፤ ጣና ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ አለው፤ ታንኳን ግን ለሞተር ጀልባ አልሰጠውም፤ ዛሬም በመቅዘፊያ እየሄደ አምባዛ የሚያጠምድ የራሱ ባለቤት አለውና። ደግሞ መፍጠር እንችላለን። «ሰርጓጅ መርከብ» የሚለውን ያወጣ ሰው ሰረጎደን አንሥቶ እንደ አጥማጅ በጅ ጨረሰው፤ ዛሬ ያለሱ ያን መርከብ የሚጠራው የለም። የምቃወመው መዋስን አይደለም፤ የራስን ቃል ሳያማክሩ፣ ያለ ቦታው፣ አንባቢን ወደ በረዶ የሚወስድ ነገር አትሞ ማደልን ነው።

ስለዚህ በአማርኛ የምታትሙ ነጋዴዎች፣ ተርጓሚዎችና ማኅበራት፣ ከማተማችሁ በፊት ወረቀቱን ለአንድ አማርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና ምን እንደገባው ጠይቁት። ከጥማድ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢም ይዞ ይምጣ፤ እቀበላለሁ። እስከዚያው «የበረዶ» የምትለዋን ቃል ከጀልባው ላይ አውርዱልን።