ጂኖም

የአንድ ሕያው አካል የዘረ መል መመሪያ በሙሉ ጂኖም ይባላል። የጂኖም ንባብ ደግሞ ያን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር በተርታው ማወቅ ነው። ከብትንም ፈረስንም የሚገድለው የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2003 ተነብቦ ታተመ፤ 5.2 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት ገደማ አለው። መርዙንና መከላከያ ሽፋኑን የሚሠራባቸው መመሪያዎች ግን በሁለት ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ላይ ለየብቻ ይገኛሉ። ለአባ ሰንጋ መከላከያ የሚሰጠው የስተርን ክትባት የዚሁ ባክቴሪያ ሽፋን የማይሠራ ዝርያ ነው። ሁለት የአባ ሰንጋ ወረርሽኞች ከአንድ ምንጭ መምጣት አለመምጣታቸውን ለመለየት የጂኖም ንባብ ይረዳል። ከብት በድንገት ሞቶ ደም ከፈሰሰው አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በድኑን አትክፈቱ፣ ሥጋውን አትብሉ፤ ፈጥናችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።