ቃሉ ደርሶ ዜማው የቀረ

ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከደዴሳ ቆላ በላይ ደጋው ላይ አርጆ አለች። አንድ የአርጆ ወጣት ዛሬ ላፕቶፑን ከፍቶ የድሮ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ላዋህድ ቢል ከየት ይጀምራል? የአዲስ አበባ እኩያው ብዙ አይቸገርም፤ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሸክላዎች በብዛት ኢንተርኔት ላይ ተጭነው ይጠብቁታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የአርጆው ልጅ ነገር ግን ወደ ሌላ ታሪክ ይወስደናል።

አስቀድሞ ስለ አንድ ካሴት። ኃይሉ መርጊያ ደብረ ብርሃን ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም የትግርኛውንም ዘፈን እየሰሙ የጎለመሱ፣ አኮርዲዮን በ14 ዓመታቸው ያለ አስተማሪ የለመዱ ሰው ናቸው። ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውተዋል። «ቸ በለው» የተባለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረው የባንዱ ሸክላ የወጣው በ1977 ነው። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ስለነበር ለጭፈራ የወጣ ሰው ሌሊቱን እዚያው አሳልፎ ሲነጋ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉና ጥቂት ባልደረቦቻቸው እዚያው ቀሩ።

በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገቡ። አኮርዲዮናቸውን ያዙ፤ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነው ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ከበሮውን የሚመታ ማሽን ነበሩ። ዘፋኝ የለም፣ ባንድም የለም። «ሸሞንሟናዬ» በሚል ስም በካሴት የወጣው ሥራ ከነባር ዜማዎቻችን የተወሰደ ነው፤ «አምባሰል» እና «ሽለላ» ይገኙበታል። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ አዲስ አበባም ውስጥ በኦርጋን ተተክቶ ፋሽኑ አልፎበት ነበር። እንግዲህ ካሴቱ ሲሠራም አሮጌ ነገር ይናፍቅ ነበር ማለት ነው። ማሽኑን ያስገባው የዘመናዊነት ጉጉት ብቻ አይመስለኝም፤ ከበሮ መቺው፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ሳክስፎን ነፊው ሁሉ ስለሌሉ ነው። የሰው እጦት የወለደው ድምፅ ዛሬ በራሱ የሚናፈቅ ሆኗል፤ ወጣት ፕሮዲውሰሮች ያንን ቀጭን የማሽን ከበሮ ሆን ብለው ይፈልጉታል።

ካሴቱን አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ የሥራውንም ባለቤት አፈላልጎ በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናቸው ኋላ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» የተባለ አልበሙን አወጣ። ከእሱ ቀደም ብለው ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የማሲንቆና የክራር ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር እያዋሃዱ ስልታቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለውታል።

እነዚህ ሁሉ የተቀዳ ወይም በቅርብ ሊቀዳ የሚችል ድምፅ ነበራቸው። የኦሮምኛ ሙዚቃም በዘመናዊ ባንድ ሲደራጅ ቀድሞ የተሰማው የምሥራቁ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ ተመሠረተ፣ አሊ ቢራም ከዚያ ወጣ። ምዕራቡ ሌላ ዓይነት መዝገብ ነበረው። ሸክላ ሳይታሰብ ገና፣ በወረቀት።

አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉ ሴት ናቸው። በ1886 ባሕር ተሻግረው ሊሸጡ ሲወሰዱ የጣሊያን መርከብ አስጥሎ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ከነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደረሳቸው። እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ እየተረጎሙ ነበር። እሳቸውም ከባርነት ነጻ የወጡ፣ ቋንቋውን በልጅነታቸው የተነጠቁ ሰው ስለነበሩ የቃላቱ ሀብት ያላቸው አስቴር ረዳታቸው ሆኑ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስቴር ከትውስታቸው ብቻ 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ጻፉ። ከፊሉ በ1894 «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የጀማሪዎች ንባብ መጽሐፍ ታተመ፤ ኦሮምኛው የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ከታተመ በኋላ አስቴርና ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ።

የአስቴርን መጽሐፍና የኃይሉን ካሴት ጎን ለጎን ሳስባቸው የሚገርመኝ ሁለቱም ከአገር ርቀው የተሠሩ መሆናቸው ነው። በመካከላቸው 91 ዓመት አለ። አንዷ ተገደው፣ ሌላው መርጠው ሄዱ፤ ያ ልዩነት ቀላል አይደለም። የአስቴር ዘፈኖች ግን ወደ እኛ የደረሱት ቃል ሆነው ነው። ዜማቸውን ወረቀቱ አልያዘውም፤ ላፕቶፕ ውስጥም የሚገባ ነገር የለም።

ሌላም ችግር አለ። የወለጋ አዛውንት ጌራርሳ የሚባለውን ባህላዊ ዘፈን ሲያሰማ ምቱን የሚወስነው ትንፋሹና ቃሉ ነው፤ ሲፈልግ ያረዝመዋል፣ ሲያሻው ይቆርጠዋል። የአዲስ አበባው ጭፈራ ያለ ችግር ከማሽኑ ጋር ይሄዳል፤ ጌራርሳ ግን እኩል በተከፋፈለ ምት ላይ ሲቀመጥ ለሌላ ሰው እንደተሰፋ ልብስ ጠብቦ ይቀራል። ብዙ የዘመናችን ቅንብር ይህን የሚፈታው ዘፋኙን ከማሽኑ ምት ጋር እንዲገጥም በማስገደድ ነው። ይህ ስንፍና ነው እላለሁ።

አስቴር ያረፉት ነቀምት ውስጥ በ1964 ነው፤ ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ስርጭቱን ከጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ። በዚያን ጊዜ ቴፕ መቅረጫ አገር ውስጥ ነበር። «ጀልቀበ በርሲሳ» ግን ዛሬም አለ፤ የአርጆው ልጅ አንዱን ግጥም ለአንድ አዛውንት አንብቦ ዜማውን ያውቁት እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። ካወቁት የስልኩን መቅረጫ ያብራ፤ ሜትሮኖሙን ይዝጋ፤ ምቱን በኋላ ለእሳቸው ትንፋሽ ያስተካክለው።