«የማን ልጅ ነህ?» ከማለት «ምን አደረግህ?» ወደ ማለት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ይጁቤ አለች። በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው። ጥያቄው ለሰላምታ ይመስላል እንጂ የሕግ ጥያቄ ነበር። እስቲ እንጠይቅ፤ ሕግ ፊት የሚቆመው ሰው ማን ነው? ዘሩ ነው? ሹመቱ ነው? ወይስ የገዛ እጁ ሥራ?

በርስት ዘመን የጎጃም ሰው መሬት የሚጠይቀው ትውልድ ቆጥሮ ነበር። በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከመጀመሪያው ባለርስት መወለዱን ካስረዳ ድርሻ ይገባዋል፤ ሴትም እንደዚሁ። ታዲያ ነገሩ የተወለዱበትን ዝም ብሎ መቀበል አልነበረም። የአንድ ሰው ቅድመ አያቶች ብዙ ናቸውና በየትኛው በኩል እንደሚሟገት የሚመርጠው ራሱ ነው። አለን ሆበን ደጋ ዳሞትን አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየን ይህንኑ ነው። መብቱ ከዘር ቢመጣም የሚጨበጠው በተሟጋቹ ብልሃትና በደጋፊዎቹ ብርታት ነበር።

ይሁንና ያው የዘር ገመድ መልሶ አንገት ያንቃል። አንዱ ሰው ከገደለ ደመኛ የሚሆነው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ምንም ያላደረገ ወንድሙም ከቤቱ መውጣት ይፈራል። በአውጫጭኝ ጊዜም ሌባው እስኪታወቅ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ይያዝ ነበር፤ ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን በጋራ ይከፍላል። ጥቅሙም ዕዳውም የጋራ ነበር እንግዲህ።

እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1694 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ይህን ጉዳይ አንስቷል። በእሱ አስተሳሰብ ሰብእና የችሎት ቃል ነው፤ ለድርጊት የሚጠየቀውም ድርጊቱን በኅሊናው «የኔ ነው» ብሎ የሚያውቀው ሰው ነው። የአገራችን አዳዲስ ሕጎችም ወደዚሁ አዘነበሉ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጥፋትን ከአሳብ ወይም ከቸልተኝነት ጋር አያያዘው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገና በአንቀጽ 1 ሰው ሁሉ ከልደቱ እስከ ሞቱ ባለመብት መሆኑን ደነገገ። ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰብ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ አስቀመጣት! ይህን የሻረው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ከዚያ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መጣና ርስትን ሻረ። መሬት የሚገኘው አያት በመቁጠር ሳይሆን በገበሬ ማኅበር በኩል ሆነ። ማኅበሩም ሊቀ መንበርና የፍርድ ሸንጎ ያስፈልገው ነበርና ገበሬው እየተመረጠ ገባበት፤ አንዳንዱ ወዶ፣ አንዳንዱ እምቢ ማለት አስፈርቶት።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃምም፣ በደርግ ጊዜ በማኅበር አመራር ላይ የነበሩት «ቢሮክራሲ»፣ ሌሎች ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት» የሚል ስም ወጣላቸው። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር እንዲይዝ ሲፈቀድለት ለእነዚህ የተተወላቸው 1 ሄክታር ነው። በዚያው ዓመት ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ።

የድልድሉ ደጋፊዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ሥልጣኑን ተገን አድርጎ ለም መሬት የያዘ፣ የድሃ ልጅ ለጦርነት የላከ አመራር ነበር። መሬት አልባ ወጣቶችና ሴቶችም በድልድሉ መሬት አግኝተዋል። እንቀበላለን። ነገር ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ተሰፋ። ዓላማው ችግረኛን መርዳት ከሆነ መለካት ያለበት የቤተሰቡ ብዛትና የመሬቱ ስፋት ነው፤ የቀድሞ ሹመት ምን አገባው? ዓላማው ቅጣት ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ምን እንዳጠፋ መረጋገጥ ነበረበት። ሃርት የተባለው የሕግ ፈላስፋ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቅጣትና የኃላፊነት መጽሐፉ፣ በሥራ ድርሻ የሚመጣን ኃላፊነትና በጥፋት የሚመጣን ተጠያቂነት ለያይቷል። ሊቀ መንበር መሆን የመጀመሪያው ነው፤ ሊቀ መንበር ሆኖ መዝረፍ ሁለተኛው። «ቢሮክራሲ» የሚለው ስም ግን ዘራፊውንም፣ ሳይወድ የተመረጠውንም በአንድ ከረጢት ከተታቸው። ሚስትና ልጆችም አብረው ገቡ። ይህ ከደመኛ ወንድም ዕጣ በምን ይለያል? ዘር ቀርቶ ሹመት ዘር ሆነ እንጂ!

ከዚያ ወዲህ በክልሉ የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ሰፍሯል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 57 ያላጠፋ እንደማይቀጣ ያስረግጣል። ጥሩ ነው። ስም የሚያወጣው ግን መዝገብ የያዘው እጅ ነው፤ ነገ መዝገቡን የምንይዘውም እኛው፣ ዛሬ ተማሪ የተባልነው ነን። ያን ጊዜ ፊታችን የሚቆመውን ሰው «የማን ወገን ነህ?» ብለን ከመጻፋችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቀው፤ ምን አደረግህ? አለማድረግስ ትችል ነበር?