ኮሶ፣ እንዶድና አንድ የፋብሪካ መድኃኒት፦ አማራጭን ስለ መመዘን



በቅርቡ ዱከም ገበያ ውስጥ አንዲት እናት በጆንያ ላይ ዘርግተው የሚሸጡት የደረቀ ፍሬ ዓይኔን ያዘው። «አዴ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የማውቀውን ነገር ከአንደበታቸው ለመስማት ነበር። «ሃንዶዴ ነው፤ እናንተ እንዶድ የምትሉት» አሉኝ። ከእንዶዱ አጠገብ ከደጋ የመጣ የኮሶ አበባ በትንንሽ ክምር ተደርድሯል። ከዚያች ገበያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ፤ ዩኒሊቨር በኢትዮጵያ ፋብሪካውን የከፈተው በዚያ ነው። በአስፋልቱ ዳር ባሉት ሱቆች የተደረደሩት ሳሙናና ሻምፖዎች ላይ የቅጠል ሥዕል ታትሟል፤ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃልም ተጽፎባቸዋል።

ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ወደ እናቶቻችን መድኃኒትና ሳሙና መመለስ ይሻላል ወይስ በፋብሪካው መቀጠል? ዛሬ ጥያቄውን በቀጥታ አልመልስም፤ በዚህ መልክ ሲቀርብ መልስ የሚያገኝ አይመስለኝምና። በምትኩ የሁለት ዕፅዋትንና የአንድ የፋብሪካ ውሁድን ታሪክ እተርካለሁ። የዓመተ ምሕረቶቹ አቆጣጠር እንደ አውሮፓውያን ነው።

ከኮሶ እንጀምር። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል በመኳንንቱም በገበሬውም ሆድ ውስጥ ይኖር ነበር። ስለዚህም ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ የሴቴዋን ዛፍ ቀይ አበባ አስደቁሶ፣ በውኃ ወይም በጠላ አስበጥብጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤት አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ደጅ ጠኚው ያለ ክርክር ይመለሳል። መድኃኒቱ እንዲህ ለሁሉ አስፈላጊ ቢሆንም ሻጩ ክብር አልነበረውም። የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች ሊያዋርዷቸው ሲሹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህን ስድብ አንሥቶ የፎከረ አንድ ደጃዝማች ከተማረከ በኋላ ያንኑ ኮሶ እንዲጠጣ መደረጉም ይተረካል። ያችን የንቀት ቃል ልብ በሉልኝ፤ የአገር መድኃኒት በገዛ አገሩ የክብር ስፍራ ነበረው የሚለውን የዘመናችንን ናፍቆት በጥቂቱ ታርመዋለችና።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ ዛፉን አሥሎ ገለጸው፤ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ሲልም በእርሱ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገብቶ በፋርማሲ ይሸጥ ነበር። ለለንደንና ለፓሪስ ሕመምተኛ እንግዳው አማራጭ የእኛ ኮሶ ነበር ማለት ነው። «መደበኛ» እና «አማራጭ» የሚሉት ቃላት የዕቃው ባሕርይ ሳይሆኑ ዕቃው የቆመበት ቦታ ስሞች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ይሁንና የኮሶ ዋጋ ከባድ ነበር። ማስመለስ፣ ብርቱ ቁርጠት፣ መዛል፣ ለነፍሰ ጡር ሴት ፅንስ ማስወረድ፣ ከመጠን ሲያልፍም ሞት ያመጣል። የዓይን ጉዳት ማድረሱን በ1960ዎቹ ሐኪሞች ጽፈዋል፤ በ1985 የታተመ ጥናትም ኮሶ የጫጩቶችን የዓይን ብርሃን ተቀባይ ክፍል እንደሚጎዳ አሳይቷል። መጠኑን መወሰን ደግሞ የባሰ ችግር ነበር። አበባው ሲከርም ኃይሉ ይደክማል፤ ትኩሱ ይበረታል፤ የወንዴው ከሴቴው ይለያል። የከረመውን ለመደ ብሎ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው፣ አንድ ቀን ትኩስ ሲገጥመው በዚያው እጅ ይሰፍራል። ይህ የጠጪው ሞኝነት አይደለም፤ ስፍር ያልወጣለት መድኃኒት ጠባይ ነው።

አሁን ሦስተኛው ባለ ታሪክ ይግባ፦ ኒክሎሳማይድ። የጀርመኑ ባየር ኩባንያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ያወጣው ይህ ውሁድ በሁለት ስም ተሸጠ። «ዮሜሳን» ተብሎ በክኒን መልክ የኮሶ ትልን ይገድላል፤ «ባይሉሳይድ» ተብሎ በውኃ ላይ ሲረጭ ቀንድ አውጣን ያጠፋል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ስረዳ ለጊዜው ደንግጬ ነበር። አንዱ ውሁድ በአንድ እጁ ኮሶን ከቤታችን አስወጣ፤ በሌላ እጁ፣ እንደምናየው፣ የእንዶድ ተፎካካሪ ሆኖ ቆመ። በሁለቱ ፍርዶች ግን ሚዛኑን የያዙት ሰዎች አንድ አልነበሩም።

በመጀመሪያው ፍርድ መዛኙ ጠጪው ራሱ ነበር። ዮሜሳን በአንድ ጊዜ ታኝኮ የሚዋጥ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ሥራው መሄድ ይችላል። ኮሶን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን በገዛ ሆዱ አነጻጽሮ ፈረደ። ይህን ምርጫ ባህልን እንደ መክዳት የሚቆጥር ሰው ኮሶ ጠጥቶ የማያውቅ ይመስለኛል።

የእንዶድ ታሪክ ሌላ ነው። በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ሄዱ። በሽታው ሰውን የሚይዘው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ነው። አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲመላለሱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ክምር ተመለከቱ፤ ከበላይ ያሉት በሕይወት አሉ። አረፋውን በሕያዋኑ ላይ አስፈስሰው ሞከሩ፤ ሞቱ። ሴቶቹ ለነጭ ሸማቸው የወቀጡት ሳሙና ማንም ሳያዝዘው ወንዙንም ያክም ኖሯል።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያወዳደሩ «ዓይነት 44» የተባለውን ምርጥ ዝርያ ለዩ። ሁለቱም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተጋርተዋል።

እንዶድ ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ዓሣን ይገድላል፤ ባይሉሳይድም እንዲሁ። የቀንድ አውጣን እንቁላል አያጠፋም፤ ባይሉሳይድ ግን ያጠፋል። ዓይን ያቃጥላል። በሌላ ወገን በውኃ ውስጥ ቶሎ ፈርሶ ይጠፋል፤ ገበሬው በአጥሩ ያበቅለዋል፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። እንዲህ ያለ የተቀላቀለ ነገር ጥንቃቄ የተሞላበት ምዘና ይገባው ነበር፤ ምዘናው ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተጓተተ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ለጋሾች፣ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ካልቀረበ አንቀበልም አሉ። የዚያ ምርመራ ወጪ ደግሞ ከአዲስ አበባ አቅም በላይ ነበር። ተመራማሪዎች በ1983 ሉሳካ ላይ፣ በ1986 ምባባኔ ላይ ተሰብስበው ስለዚሁ መከሩ።

አክሊሉ መሰናክሉ የሳይንስ ሳይሆን በአፍሪካዊ ተመራማሪ ላይ ያለ አለመተማመን ነው ብለው በአደባባይ ተከራክረዋል። እኔ በግማሹ እስማማለሁ። ምርመራው ይቅረብ ማለት ፍትሐዊ ነበር፤ አያቶቻችን ለዘመናት የተጠቀሙበት ሁሉ ደኅና አለመሆኑን ኮሶ አስተምሮናልና። ያልተገባው ምርመራውን የጠየቀ ክፍል ወጪውን አለመጋራቱ ነው። ባየር ለውሁዱ ማስመርመሪያ ገንዘብ የነበረው፣ ውሁዱን ሸጦ ስለሚያገኘው ነው፤ በአጥር የሚበቅለውን እንዶድ አስመርምሮ የሚያተርፍ ኩባንያ ግን አልነበረም። ርካሽነቱ ለድኻ ጥቅሙ ነበር፤ በምዘናው ሰዓት ጉዳቱ ሆነ። በ1990ዎቹ ለእንዶድ ባለሀብት ሲገኝለትም በሌላ ጉዳይ ነበር፦ በሰሜን አሜሪካ የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጡርን ለማጥፋት። የኦሃዮው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ አክሊሉም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋልና አልፈዋለሁ።

ነገሩ ለዱከምና ለአካባቢዋ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ በባቡሩ መስመር ወደ አዳማ ወርዳችሁ ጥቂት ወደ ደቡብ ታጠፉ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ አስጀመረ። ከአዋሽ የተጠለፈው ውኃ በቦይ ሸንኮራውን አጠጣ፤ ቦዩ ለቀንድ አውጣም ተመቸ፤ ቢልሃርዚያም በሠራተኞች መንደር ልጆች ላይ ተስፋፋ። ልማቱ ራሱ በሽታውን ወደ ስምጥ ሸለቆው ጋበዘ።

የመጨረሻው መድኃኒት የመጣው ባልተጠበቀ በር ነው፤ ከውሻ በኩል። ፕራዚኳንቴል በ1970ዎቹ በመርክና በባየር ሲፈለሰፍ ቀድሞ የተሸጠው ለእንስሳት የትል መድኃኒትነት ነው፤ ለሰው ቢልሃርዚያ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውን በክኒን ማከም ሲቻል ቀንድ አውጣን ከየወንዙ የማጥፋቱ ሐሳብ ቀዘቀዘ፤ እንዶድም ባይሉሳይድም አብረው ወደ ኋላ ተመለሱ። ክኒኑ ግን ልጁ ነገ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ሲገባ አይጠብቀውም።

ስለ ጠጉር ቅቤ እንድናገር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ለጋ ቅቤ መርዝ የለበትም፤ ማንም ቤተ ሙከራ አልከሰሰውም፤ የተሸነፈው በሽታውና በዋጋው ነው። ዛሬ በከተማ ከብዙ የፋብሪካ ቅባት ይልቅ ውዱ እርሱ ነውና «የድኻ አማራጭ» ብሎ መጥራቱ አያስኬድም።

ወደ ገበያችን ልመለስ። ሴትዮዋን ኮሶውን ማን እንደሚገዛቸው ጠየቅኋቸው። «ለውሻ የሚወስዱ አሉ፤ ሰው ግን ክኒን ይውጣል» አሉ። በቅርብ ርቀት፣ ቢሾፍቱ ላይ፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ውሻው ስንት እንደሚሰፈርለት ግን እርሳቸውም ገዢውም አያውቁም። እንዶዱንስ? «ለነጠላ፣ ለጋቢ። ነጭ ልብስ እንደ እርሱ የሚያነጣው የለም።»

«እርስዎም የሚያጥቡት በእርሱ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። ለማጠቢያ የሚሆነውን ፍሬ ማድረቅ፣ መውቀጥ፣ መዘፍዘፍ የሴት ልጅ ሙሉ ቀን እንደሚበላ በእጃቸው ካሳዩኝ በኋላ፣ «እኔማ በኦሞ ነው፤ ማን ይወቅጣል ልጄ?» አሉኝ። እኔም ሁለት ጣሳ እንዶድ ገዝቼ ተመለስኩ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው እርሱ ነው፤ ስትወጡ ማየት ትችላላችሁ። ዓይናችሁን ብቻ በነካችሁበት እጅ አትሹ።